በገብስ ማሳ ላይ የተሰመረው መንገድ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የንብረት ክፍሉ ሰው መኪናውን ሲያስረክበኝ ዕቃውን አንድ በአንድ ስሙን እየጠራ አሳየኝ። ክሪክ፣ አካፋ፣ መጎተቻ ገመድ፣ ትርፍ ጎማ፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥን። ከኋላ ወንበሩ ሥር የታጠፈ ቃሬዛ ሳይ ግን ደንገጥ አልኩ። «ይኼንንም የምሸከመው እኔ ነኝ?» አልኩት። «ሰው ሲጠፋ ትሸከማለሃ! ምን ችግር አለው?» አለና ቁልፉን እጄ ላይ ጣል አደረገልኝ።

ከዚያ በፊት በአይሱዙ እህል ነበር የምጭነው። ጆንያ አያቃስትም፣ ቢዘገይም አይሞትም። አሁን የተቀጠርኩት ግን እናቶች በወሊድ እንዳይሞቱ በሚሠራ ፕሮጀክት ነው። ቢሯችን መካነ ኢየሱስ ሲሆን ሥራችን እስቴን፣ ስማዳንና ጋይንትን ያካልላል። አስተባባሪያችን አቶ ይልማ የመጀመሪያ ቀን ጠርተው ያሉኝ ይህን ብቻ ነው፤ «ወንዴ፣ ከመኪናው ይልቅ የምታመጣት ሴት ትቅደም። መኪናውንም ግን አትገልብጥብኝ!»

ጂፒኤስ የሚሉት ነገር የመጣልን ሚሊኒየሙን ካከበርን በኋላ ነው። አቶ ይልማ ሾፌሮቹን ሰብስበው ከካርቶን አወጡት። መዳፍ የምታክል ጥቁር ዕቃ ናት፤ ፊቷ መስታወት፣ ጀርባዋ ላይ በመኪናው የፊት መስታወት ላይ የምትለጠፍበት ጎማ አላት። ኃይል የምታገኘው ከሲጋራ መለኮሻው ቀዳዳ ነው፤ ከዚያ ሲነቅሏትም በውስጧ ባትሪ ጥቂት ትቆያለች። «ከእንግዲህ መንገድ የሚያሳያችሁ ይህ ነው» አሉን። እኔ በሆዴ፣ ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባ አልኩ። ቢሆንም ዕቃ እወዳለሁ፣ ቀድሜ እጄን የዘረጋሁትም እኔ ነኝ።

የሠራት ሰው ስማዳን አላያትም። ይህን በመጀመሪያው ሳምንት ነው ያወቅኩት። ያቺ የምትለጠፍ ጎማ የምትይዘው ንጹሕ መስታወት ነው፤ የእኛ መስታወት ደግሞ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ነው። ወደ አርብ ገበያ ከተማ ስንወርድ አንድ ጠመዝማዛ ላይ ተነቅላ ወደቀችና ፍሬን ሥር ገባች። እግሬን ስሰነዝር ፍሬኑ አልወርድ አለኝ! ማርሽ ቀንሼ፣ መኪናውን ወደ ተራራው ግድግዳ አስጠግቼ ነው ያቆምኩት። ከኋላ የተቀመጡት ነርሶች ጩኸታቸው ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። ከዚያ በኋላ ጎሚስታው ጋ ሄጄ በአሮጌ የጎማ ላስቲክ ዳሽቦርዱ ላይ ጠፍሬ አሰርኳት።

ሌላም ጣጣ ነበራት። ሞተር ባስነሣሁ ቁጥር ረጅም የእንግሊዝኛ ማስጠንቀቂያ ታወጣና «እስማማለሁ» የሚለውን ካልነኩላት ወይ ፍንክች። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ሲመታት ፊቷ ላይ ከራሴ አፍንጫ በቀር የሚታይ ነገር የለም። እርጥብ ጣት አትሰማም። የዝናብ ጠብታ ሲያርፍባት ደግሞ ሰው የነካት ይመስላትና በገዛ እጇ ሌላ ገጽ ትከፍታለች። ፊደሏም የፈረንጅ ብቻ ነው።

ድምፅዋ የሴት ነው። እኛ «እሜቴ» አልናት። አንድ ዓርብ ከአርብ ገበያ አንድ መሪጌታ አሳፍሬ ስመጣ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ደረስን፤ እሳቸውም እኔም ልናማትብ እጃችንን ስናነሣ እሜቴ በእንግሊዝኛዋ «ወደ ግራ ታጠፍ» ብላ ጮኸች። መሪጌታ ደንግጠው ዞር ዞር አሉ። «ልጄ፣ ይህች ሴት ደጀ ሰላም ሲደርሱ እንኳ አፏን አትሰበስብም?» አሉኝ። «የሰው አገር ሰው ናት አባቴ፣ ይቅር ይበሏት» አልኳቸው።

ትልቁ ችግር ግን ካርታዋ ነው። ዋናውን የጋይንት መንገድ ታውቃለች። ወደ ስማዳ ሲገባ ግን ምንም የለም፤ ባዶ ገጽ ላይ የእኛ መኪና ምልክት ብቻዋን ትንሳፈፋለች። ስለዚህ ዋናው ቢሮ ዮናስ የሚባል ወጣት ባለሙያ ላከ። በየካቲት አገሩን ሁሉ አብረን ዞርን። መኪናው የረገጠውን ሁሉ መሣሪያው ይመዘግባል፣ ዮናስ ማታ ማታ በኮምፒዩተሩ መንገድ አድርጎ ያስገባዋል። ትሑት ልጅ ነበር፤ መንገድ ላይ ቆሎ እየቆረጠመ ስለ አገሩ ሲጠይቀኝ ይውላል።

እዚህ ላይ ልብ አድርጉ። በየካቲት እህል ተሰብስቧል፣ ከዐውድማም ገብቷል። ሜዳው ገለባ ብቻ ነው። በእኛ አገር በዚያን ጊዜ መኪና በየማሳው መሐል እያቋረጠ ነው የሚሄደው፣ ባለማሳውም ከመጤፍ አይቆጥረውም። እነዚህን የበጋ መንገድ እንላቸዋለን። ሰኔ ሲገባ ታርሰው ይዘራሉ፤ መንገድነታቸው ያበቃል። ይህን እኔ አውቃለሁ፣ አቶ ይልማም ያውቃሉ፣ ለዮናስም ቢነግሩት የሚገባው ነገር ነው። ግን ነገሩ ለእኛ ከመታወቁ ብዛት ለማሽን መንገር አለብን ብሎ ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም። እሜቴ ፊት ላይ የበጋውም መንገድ፣ የጠጠሩም መንገድ እኩል ወፍራም፣ እኩል ቢጫ መስመር ሆነው ወጡ።

ነሐሴ ላይ ከስማዳዋ ከተማ ከወገዳ ወዲያ ካለ ጤና ኬላ መልእክት መጣ። ትርንጎ የምትባል ሴት፣ የመጀመሪያ ልጇ ነው፣ ምጧ ከትናንት ጀምሮ አልፈታ ብሏል። አዋላጇን ሲስተር የሺን ይዤ በረርኩ። ስንደርስ የመንደሩ ሰው በቃሬዛ ተሸክሞ መንገድ ዳር አውርዷት ጠበቀን። ሲስተር ሆዷን ዳሰሰች፣ የልጁን የልብ ምት በጆሮዋ አዳመጠች። ቀና ስትል ፊቷ ተለውጧል። «ጋሽ ወንዴ፣ ልጁ ገና አለ። ግን ደክሟል። ወገዳ ጤና ጣቢያ ቶሎ እንድረስ፣ እዚያ መሣሪያ አለ» አለችኝ። ባሏ ሙሉቀን አብሮን ተሳፈረ። አሮጊቶቹ «ማርያም በሽልም ታውጣሽ!» እያሉ ሸኙን።

ጭጋጉ ወርዷል። ከመኪናው አፍንጫ ወዲያ ያለው ነገር ሁሉ ነጭ ነው። በመጣንበት የጠጠር መንገድ ጥቂት እንደተጓዝን ናዳ አገኘን። ስንመጣ ያልነበረ ነው፤ ቋጥኝና አፈር መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶታል። ወርጄ አየሁት፣ በአካፋ የሚነሣ አይደለም። ደሜ ፈላ። መሪውን በጡጫ መታሁት።

እሜቴ «መንገድ በመፈለግ ላይ» አለችና ዝም አለች። ከዚያ ፊቷ ላይ አዲስ መስመር ወጣ። ትንሽ ወደ ኋላ ተመልሰን ወደ ግራ ብንታጠፍ፣ ናዳውን በታች በኩል ዞረን ያው የጠጠር መንገድ ላይ እንወጣለን። አጭር ነው። በየካቲት በዚያ ማለፌ ትዝ ይለኛል። «ያስወጣል?» አለች ሲስተር። «ይኸው መስመሩ! አያስወጣም?» አልኳት። ትርንጎ ከኋላ «ውይ እናቴ!» ስትል ሌላ የማስብበት ጊዜ አልነበረኝም።

ታጠፍኩ። መጀመሪያ ላይ መሬቱ ድንጋያማ ነው፣ ጎማ ይይዛል። የመኪናችን ምልክት ከመስመሩ ላይ ዝንፍ አላለም። ጭጋጉ ውስጥ ዓይኔን ከመስታወቱ ይልቅ እሜቴ ላይ ነበር ያደረግሁት። ድንገት ከፊቴ አረንጓዴ ግድግዳ ቆመ፣ ፍሬን ያዝኩ። ገብስ ነው። ጉልበት የሚደርስ፣ ያሸተ፣ ዝናብ የጠጣ ገብስ። እሜቴ «ቀጥ ብለህ ሂድ» አለች።

ሙሉቀን «ጋሼ፣ ይኼ እኮ ማሳ ነው» አለኝ። «አውቃለሁ! ዓይን የለኝም?» ብዬ ጮህኩበት። እሱ ምን አጠፋ? ከኋላው ሚስቱ ናት የምታቃስተው።

አራቱንም ጎማ የሚያሠራውን ረዳት ማርሽ አስገብቼ ልነሣ ስል አንድ ሽማግሌ የዝናብ ገሳቸውን ደርበው፣ ዱላቸውን ይዘው ከጭጋጉ ውስጥ ወጡና ፊት ለፊቴ ቆሙ። አያ ደሴ ይባላሉ፣ ባለማሳው ናቸው። ስማቸውን ያወቅኩት በኋላ ነው። «ወዴት ነው?» አሉ።

«አያ፣ ምጥ የያዛት ሴት ይዘናል፤ ዞር ይበሉልኝ!»

«ወዴት ትሄዳለህ ነው የምልህ? መንገድ የለም እኮ።»

«አለ! በየካቲት በዚሁ አልፌያለሁ። ይኸው እዚህ ተጽፏል!» ብዬ በመስኮቱ እሜቴን አሳየኋቸው። አንገታቸውን አስግገው አዩአት። መስመሯንም፣ መኪናችንንም አዩ። «የካቲትማ ልክ ነህ» አሉ። «አሁን ነሐሴ ነው ልጄ።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ አላመንኳቸውም። ገብሳቸውን እየጠበቁ ነው ብዬ ነው ያሰብኩት። በክረምት ለአንድ ገበሬ ቤተ ሰብ ያለው ማሳው ላይ የቆመው እህል ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ። ሰው እንጀራውን ሲከላከል ያልሆነውን ሆኗል ቢል አይፈረድበትም። «አያ፣ እህልዎን ፕሮጀክቱ ይክስዎታል፣ የሰው ነፍስ ነው!» አልኩ። ቆሽቴ አርሯል።

ሽማግሌው ተቆጡ። «ለእህሉ መስሎህ ነው? ርገጠው! እግዜር ይተካዋል። ከገብሱ ሥር ያለውን ግን አላየኸውም» አሉና ዱላቸውን ማሳው ውስጥ ወጉት። ዱላው ያለ ምንም ትግል ገባ፣ ገባ፣ እጃቸው አፈር እስኪነካ ገባ። ውኃ የጠጣ ጥቁር ዋልካ አፈር ነው። ውኃውን ለማውረድ በየመሐሉ ፈሰስ ቆፍረዋል፤ ማሳው ሆዱ ሁሉ ጉድጓድ ነው። መኪናው ገብቶ ቢሆን ኖሮ እስከ በሩ ይሰምጥ ነበር፣ ትርንጎም ውስጡ።

ሞተሩን አጠፋሁ። ሲስተር ወርዳ መጣች። «ምን ያህል ይርቃል የጠጠሩ መንገድ?» አለቻቸው። «በእግር ቅርብ ነው፣ በድንበር ድንበሩ ይዘን እንሄዳለን» አሉ። ከዚያ ወደ ጭጋጉ ዞረው እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው «ኧረ የሰው ያለህ! ምጥ ነው! የሰው ያለህ!» ብለው ተጣሩ። ከማይታይ አገር ውስጥ ድምፅ መለሰ። ቀጥሎ ሌላ። ወንዶች ከየአቅጣጫው እየሮጡ መጡ።

እኔ በመኪናው ሬድዮ ቢሯችንን አገኘሁ። ወገዳ ደውለው የጤና ጣቢያውን ፒካፕ እንዲልኩልን ለመንኩ። «የት ጋ ነው የሚጠብቃችሁ?» አሉኝ። ከእሜቴ ፊት ቁጥሮቹን ልነግራቸው ጀመርኩ፣ አያ ደሴ ግን ትከሻዬን ይዘው «ከጊዮርጊስ በታች ካለው ድልድይ በለው፣ የወገዳ ሰው ሁሉ ያውቀዋል» አሉኝ። እንዳሉኝ አልኩ።

ትርንጎን ቃሬዛው ላይ አወረድናት። እኔ እሜቴን ከላስቲኩ ፈትቼ በእጄ ይዣት ነበር። ምን ልታደርግልኝ? እንጃ። ያቺን መስመር መልቀቅ አቃተኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? ዝናቡ ጀምሯል፤ ሲስተር የሺ ዞራ አየችኝ። ከእኔ በዕድሜ ታንሳለች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም። «ጋሽ ወንዴ! እሱን ተወውና ቃሬዛውን ያዝ!»

ኪሴ ውስጥ ከተትኳትና ትከሻዬን ሰጠሁ። አያ ደሴ ከፊት ሆነው በድንበሩ ይመሩናል። ድንበሩ ጠባብ ስለሆነ አራት ሰው ጎን ለጎን አይችልም፤ ከቃሬዛው ግራ ያሉት ገብሱ ውስጥ እስከ ጉልበታቸው እየገቡ ነው የሚሄዱት። እህሉ ከእግራችን ሥር ሲንኮታኮት ሽማግሌው አንዴም ዞር ብለው አላዩም። «በርቱ! በርቱ ልጆቼ!» ብቻ ነው የሚሉት።

በመሐል እሜቴ ከኪሴ ሆና መናገር ጀመረች። ከመስመሩ ወጥተን ነዋ! «ተመለስ፣ ተመለስ» ትላለች በእንግሊዝኛዋ። ከጎኔ የተሸከመው ሰውዬ የሴት ድምፅ ከሱሪዬ ሲወጣ ሰምቶ አማተበ። ቃሬዛው ተናጋ። «ምንም አይደለም፣ ዕቃ ነው!» አልኩት። በነፃው እጄ አውጥቼ ላጠፋት ሞከርኩ። ጣቴ እርጥብ ነው፣ አልሰማ አለችኝ። ብነካት ብነካት፣ «ተመለስ»። ትርንጎ ታቃስታለች፣ እሷ «ተመለስ» ትላለች። መልሼ ኪሴ ውስጥ ከተትኳት። በመጨረሻ ባትሪዋ አልቆ ዝም አለች።

ድልድዩ ጋ ፒካፑ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሟል። ሲስተር ከኋላ ከትርንጎ ጋር ገባች፣ እኔና ሙሉቀን ጠርዙን ይዘን ተንጠለጠልን። ጤና ጣቢያው በር ላይ እንደደረስን ወደ ማዋለጃው ይዘዋት ገቡ። እኛ ውጭ ቆምን። ሙሉቀን ግንባሩን ግድግዳው ላይ ደገፈ።

ልጁ ሞቶ ተወለደ። ወንድ ነበር። ትርንጎ ብዙ ደም ፈሰሳት፤ በዚያው ፒካፕ ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ተወሰደች፣ እዚያም ተረፈች።

ሲስተር እጇን ታጥባ ስትወጣ ጠየቅኋት። «ያ ማሳ ጋ የጠፋው ጊዜ ነው? እኔ በዚያ ባልታጠፍ...» አልኩ። «አላውቅም» አለችኝ። እንደገና ስጠይቃት «አላውቅም አልኩህ እኮ፣ ጋሽ ወንዴ!» ብላ አለቀሰች። ከዚያ ቀን በኋላ ጠይቄያት አላውቅም።

በማግሥቱ መኪናውን ለማምጣት ተመለስኩ። አያ ደሴ ከእነ ገሳቸው አጠገቡ ቁጭ ብለዋል፤ ልጆች ዕቃ እንዳይነኩ ሲጠብቁ ነው ያደሩት። ድንበሩ ዳር ያለው ገብስ መሬት ላይ ተነጥፏል። ዓይኔን ከእሱ ላይ ማንሣት አቃተኝ። እሳቸው ግን «ልጅቱስ?» አሉ። «እሷ ተርፋለች አያ። ልጁ አልተረፈም።» ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እንኳን ማርያም ማረቻት» አሉ። ስለ ገብሱ አላነሡም። በኋላ አቶ ይልማ በፕሮጀክቱ ስም እህል ሲልኩላቸው እንኳ በብዙ ልመና ነው የተቀበሉት።

ቢሮ ገብቼ እሜቴን አቶ ይልማ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኳት። «ይህችን ነገር ከመኪናዬ ያውጡልኝ፣ አለዚያ በድንጋይ እፈጠፍጣታለሁ!» አልኩ። ሲናደዱ የማውቃቸው አቶ ይልማ እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ ዮናስን አስጠሩት።

ዮናስ ከአዲስ አበባ መጥቶ ታሪኩን ሲሰማ ፊቱ ነጣ። «ጋሼ፣ መስመሩን ያስገባሁት እኔ ነኝ» አለ። «የነዳሁትስ እኔ አይደለሁም?» አልኩት። ንዴቴ በዮናስ ላይ እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ። የበጋውን መንገድ በሌላ ቀለም አድርግልን አልነው። ሞከረ። መሣሪያው እኛ ላስገባነው መንገድ አንድ ቀለም ብቻ ነው የሚሰጠው። ስሙ ላይ «ክረምት አይገባም» ብሎ ሊጽፍ ሞከረ፣ ሲነዱ ስሙ ፊቷ ላይ አይወጣም። የሠሩት ሰዎች መንገድ በዓመት አንዴ እንደሚሞትና አንዴ እንደሚነሣ አላሰቡም፤ የእነሱ አገር መንገድ አይታረስም።

በመጨረሻ መላውን ያገኘው ራሱ ዮናስ ነው። ካርታው የሚቀመጠው ጥፍር በምታክል ካርድ ላይ ነው። ሁለት ካርድ አዘጋጀ፤ አንደኛው የበጋው፣ ሁሉም መንገድ ያለበት፤ ሁለተኛው የክረምቱ፣ ከጠጠር መንገድ ሌላ ምንም የሌለበት። የክረምቱን በቀይ ፕላስተር ጠቀለለው።

«መቼ መቼ ይቀየር?» አሉ አቶ ይልማ። ዮናስ ቀን ቆርጠን ግድግዳ ላይ እንለጥፍ አለ። እኔ እንቢ አልኩ። ዝናብ አንድ ዓመት ይቀድማል፣ አንድ ዓመት ይዘገያል። ደጋው ቆላውን አይጠብቅም። «ባለማሳውን እንጠይቅ» አልኩ፣ አቶ ይልማም ተስማሙ። ከዚያ በኋላ ጡረታ እስክወጣ በየዓመቱ ሰኔ ሲቃረብ አያ ደሴ ዘንድ እየሄድኩ «ዘሩ ተጀመረ?» እላለሁ፣ ኅዳር ሲያልቅ ደግሞ «ዐውድማው ተነሣ?» እላለሁ። «ተጀመረ» ወይም «ተነሣ» ሲሉኝ ካርዱን እቀይራለሁ። በየወረዳው እንደ እሳቸው ያለ አንድ ሰው ነበረን።

እሜቴን አልፈጠፈጥኳትም፣ አብራኝ ሠራች። ሌሊት በማላውቀው አገር ስንቴ አውጥታኛለች! ዛሬ እናንተ በስልካችሁ የምታዩት ካርታ ከእሷ በብዙ ይሻላል፤ ስክሪኑም ጥርት ብሎ ይታያል፣ አማርኛም ያነባል። መስመሩ ግን አሁንም ያው መስመር ነው፣ መቼ እንደተሰመረ አይነግራችሁም።

ትርንጎ ከዚያ ወዲህ ሌሎች ልጆች ወልዳለች፣ ሁሉንም ጤና ጣቢያ ገብታ ነው የወለደቻቸው። የመጀመሪያው ግን ስም ሳይወጣለት ተቀበረ። መንገድ ካርታ ላይ የምታሰምሩ ሰዎች ወሩን ጻፉበት። የምትነዱም፣ ካልተጻፈበት ጠይቁ።